ስትዘፍኑ ብቻ የሚመጣው ባዝ

(ለጊታር ጀማሪዎች ካደረግኩት ንግግር በጽሑፍ የቀረበ)

ሰላም ናችሁ፣ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ጊታር ይዛችሁ የመጣችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡትና ቃኙት፣ መሃል ላይ አብረን እንሞክራለን። ዛሬ ሁለት ነገር ነው ማወራችሁ። አንደኛው ጊታር እየመቱ መዝፈን እንዴት እንደሚለመድ ነው፣ ሁለተኛው ደሞ ያ ዝዝዝ የሚለው ድምፅ፣ ባዝ ምንለው ማለት ነው፣ ከየት እንደሚመጣና ምን እንደሚደረግለት። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የምትሉ ትኖራላችሁ፣ እኔም ለረጅም ጊዜ አይገናኙም ብዬ ነበር ማስበው፣ አንዱ የድምፅና የእጅ ጉዳይ ነው፣ ሌላው የእንጨትና የብረት ጉዳይ ነው ብዬ። አሁን ግን አንዱን ሳያነሱ ሌላውን ማስተማር አይቻልም ብዬ ነው ማምነው።

የኔን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የነበረኝ ጊታር የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ነበር። ኮርዶቹን፣ አብረው የሚመቱ ድምፆች ማለት ነው፣ ተለማመድኩ፣ ጂ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ቅያሬውም ጥሩ ሆነልኝ፣ ከዛ መዝፈን ስጀምር ባዝ መጣ። 4ኛውና 5ኛው ክር ላይ ዝዝዝ ይላል። በቃ ጊታሩ ነው አልኩ። ክር ቀየርኩ፣ አልጠፋም። ጊታር የሚጠግን ሰው ጋር ወሰድኩት፣ ክሮቹን ከፍ አደረገልኝ፣ ከዛ በኋላ መጫን በጣም ከበደኝ፣ የጣቴ ጫፍ ተላጠ፣ ባዙ ግን እዛው ነው። ወራት እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ማታ ስልኬን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ያንኑ አራት ኮርድ ሁለት ጊዜ ቀረፅኩት፣ አንዴ ዝም ብዬ፣ አንዴ እየዘፈንኩ። ዝም ብዬ የመታሁት ንፁህ ነው፣ አንድም ባዝ የለም። እየዘፈንኩ የመታሁት ላይ ሲ ኮርድ በመጣ ቁጥር ዝዝዝ። ጊታሩ ያው ጊታር፣ ክሩ ያው ክር። የተቀየረው እኔ ነኝ።

ስለዚ ባዝ አለ ብላችሁ ከማንም ጋር ከማውራታችሁ በፊት፣ ካቻቢቴም ሆነ ብሩጎላ ከማንሳታችሁ በፊት፣ ይሄን ፈተና አድርጉ። ያው ዘፈን፣ ያው ፍጥነት፣ አንዴ ሳትዘፍኑ አንዴ እየዘፈናችሁ ቅረፁና አዳምጡ። ሳትዘፍኑም ባዝ ካለ ወደ ጊታሩ እንሄዳለን፣ እሱን በኋላ አመጣዋለሁ። ስትዘፍኑ ብቻ ከመጣ ግን ጊታሩን ተዉት፣ እጃችሁ ነው።

ስንዘፍን እጃችን ምን ይሆናል? ቪዲዮ ስትቀርፁ ታዩታላችሁ። ስንዘፍን ቀና እንላለን፣ አገጫችን ከፍ ይላል፣ አይናችን ከፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ በብረት ከተከፋፈለው የጣት ቦታ፣ ይነሳል። አይን ሲነሳ ደሞ የግራ እጅ አንጓ ቀስ እያለ ይወድቃል፣ መዳፉ አንገቱን ይጠጋል፣ ጣቶቹ ይተኛሉ። ጣት ሲተኛ ሁለት ጥፋት አለ፣ አንደኛ ጎን ያለውን ክር ይነካል፣ ሁለተኛ ከፍሬቱ ብረት ወደኋላ ይንሸራተታል። ክር መጫን ያለባችሁ ልክ ከፍሬቱ ብረት ጀርባ ነው፣ ብረቱ ላይ ሳይሆን ጠጋ ብሎ። እዛ ጋ ትንሽ ጉልበት ይበቃል። በሁለት ፍሬት መሃል ከሆነ ግን ያንኑ ንፁህ ድምፅ ለማግኘት ብዙ መጫን አለባችሁ፣ እየዘፈናችሁ ደሞ ያን ያህል ጉልበት ትዝ አይላችሁም፣ ክሩ ብረቱ ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ሲመታ እየተንቀጠቀጠ ዝዝ ይላል። የኔ ሲ ኮርድ ላይ የሆነው ይሄ ነው፣ 5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያለው የቀለበት ጣቴ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደኋላ ቀርቶ ነበር፣ በቃ ይሄ ብቻ።

ቀኝ እጅም አለ። ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ እጃችንም አብሮ ይጠነክራል፣ አዝማቹ ሲደርስ ክሩን እንገርፈዋለን። ክር በሃይል ሲመታ የሚወዛወዝበት ስፋት ይጨምራል፣ በተለይ 6ኛው ወፍራሙ፣ ሲሰፋ ቀጥሎ ያሉትን ፍሬቶች ይነካል። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲመታው ንፁህ የሆነ ጊታር ሌላው ሲገርፈው ባዝ ማድረጉ ለዚህ ነው። አቅጣጫውም ልዩነት አለው፣ ፒኩ፣ ክር ምንመታበት ትንሽ ፕላስቲክ፣ ክሮቹን ወደ እንጨቱ እየገፋ ከወረደ ክሩ ወደ ፍሬቱ ነው ሚወዛወዘው፣ ከጊታሩ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ካለፈ ግን ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ባዙም ይቀንሳል። ፒክ ላላ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሳሳ ያለ ፒክ፣ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ለጀማሪ ስትራሚንግ፣ ክሮቹን አንድ ላይ ወደታችና ወደላይ መምታት ማለት ነው፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ስለሚታጠፍ ክሩን ከመጠን በላይ አይጎትተውም። አዝማቹ ይጉላ ካላችሁ በድምፃችሁ አጉሉት፣ ወይም ብዙ ክር ምቱ፣ ጉልበት አትጨምሩ።

እሺ አሁን ወደ መዝፈኑ። እየመቱ መዝፈን ለምን ይከብዳል? ሁለት ገና ማሰብ የሚፈልጉ ነገሮችን ባንዴ መያዝ በጣም ስለሚከብድ ነው። ድምፁ ማሰብ ይፈልጋል፣ ቃል አለው፣ ዜማ አለው፣ ትንፋሽ አለው፣ ስሜት አለው። ስለዚ ማሰብ ማይፈልገው እጁ መሆን አለበት። እጁ ማሰብ አቁሟል ወይ የሚለውን ምታውቁበት ቀላል ፈተና አለ፣ ኮርዶቹን እያቀያየራችሁ እየመታችሁ ከሰው ጋር አውሩ። ዛሬ እንዴት ዋልሽ፣ የት ነበርክ ሲሏችሁ መልሱ፣ ሙሉ አረፍተ ነገር መልሱ። ለመመለስ እጃችሁ ከቆመ ወይ ምቱ ከተንገዳገደ፣ ዘፈን አትጀምሩ፣ ገና ነው። ብዙ ሰው መዝፈን አልችልም ብሎ ሚያቆመው እዚህ ጋ ነው፣ ችግሩ ግን ድምፁ አይደለም እኮ፣ እጁን ሳይጨርስ ነው የጀመረው። በጣም ያሳዝነኛል ይሄ፣ ጥሩ ድምፅ ያላቸው ሰዎች ጊታሩን ሲያስቀምጡት አይቻለሁ።

የቀኝ እጅ ነገር አንድ ህግ ነው ያለው፣ እሱም እጁ አይቆምም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ስትሉ ወደታች፣ መሃል ላይ ያለችው እና የምትለዋ ላይ ወደላይ። አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና። ክሩን ምትመቱትም ሆነ ማትመቱት እጁ ይወርዳል ይወጣል፣ ድምፅ በማይፈለግበት ጊዜ ክሩን ሳይነካ ባየር ላይ ያልፋል። ታች፣ ታች ላይ፣ ላይ ታች ላይ የሚለውን የተለመደ ስትራሚንግ ውሰዱ፣ እዛ ውስጥ ሦስት ቁጥር ላይ እጁ ባየር ነው ሚወርደው፣ ጀማሪ ግን እዛ ጋ እጁን ያቆመዋል፣ ካቆመው ደሞ ቀጥሎ ያለውን የወደላይ ምት መቼ እንደሚመታ በጭንቅላቱ መቁጠር ይጀምራል፣ እየቆጠረ ደሞ አይዘፍንም። እጁ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ከሄደ ግን ቆጣሪው እጁ ራሱ ነው፣ ጭንቅላታችሁ ለዘፈኑ ነፃ ይሆናል።

ስትጀምሩ ስትራሚንጉን እንዳለ ይዛችሁ አትግቡ። ሜትሮኖሙን፣ ምት ቆጣሪውን፣ በደቂቃ 60 ላይ አድርጉት፣ በየባሩ፣ በየአራት ምቱ ማለት ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወደታች ምቱ፣ ማለትም በአራት ሰከንድ አንዴ፣ ክሩ ይጩህ፣ እናንተ ከላይ ዝፈኑ። ቃሉ ካስቸገረ በአፍንጫ አንጎራጉሩ፣ ከዛ በላ ላ ላ፣ ከዛ ቃሉን ያለ ዜማ በምቱ ልክ ተናገሩት፣ ከዛ ነው ዜማና ቃል አንድ ላይ። አንዱ ደረጃ እንዳለቀ ምታውቁት ስሜቱ ሲቀል ነው፣ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ከዛ በየባሩ ሁለት ጊዜ፣ ከዛ አራት ጊዜ፣ ከዛ ወደላይ የሚወጣው ይጨመር። በመሃል ከተሳሳታችሁ እጁን አታቁሙ፣ ድምፁን አቁሙና ቀጣዩ መስመር ላይ ግቡ። ይሄን እደግመዋለሁ፣ ዘፈኑ ይቋረጥ እንጂ እጁ አይቋረጥ።

አሁን ሁሉም ሰው ሚወድቅበት ቦታ ላይ ነን። እጅና አፍ አብረው መሄድ ይፈልጋሉ፣ አፍ አንድ ነገር ሲል እጅ እሱን ይመታል። ምሳሌ ላሳያችሁ፣ እኔ የሠራሁት ተራ መስመር ነው፣ ትናንት ማታ ዝናብ ነበር። ስንቆጥረው ስምንት ነው፣ ት ናንት፣ ማ ታ፣ ዝ ናብ፣ ነ በር። ትናንት ሲጀምር አንድ፣ ማታ ሲጀምር ሁለት፣ ዝናብ ሦስት፣ ነበር አራት። እያንዳንዱ ቃል ወደታች በሚወርደው ላይ ይጀምራል፣ እጅና አፍ ይስማማሉ፣ ይሄን ዛሬውኑ ሁላችሁም ትዘፍኑታላችሁ። አሁን ግን ያንኑ መስመር ግማሽ ምት ቀድማችሁ ጀምሩት። ት የምትለዋ ካለፈው ባር መጨረሻ፣ አራት እና ላይ፣ እጁ ወደላይ ሲወጣ ትገባለች፣ ናንት ደሞ አንድ ላይ ታርፋለች። ሞክሩት እስቲ። አያችሁ፣ እጃችሁ ት ላይ ወደታች ሊመታ ፈለገ። ዘፈን ውስጥ ደሞ እንዲህ ቀድሞ ሚገባ መስመር ሞልቷል፣ ስለዚ አንድ ዘፈን ይሄዳል፣ ሌላው ኮርዱ እየቀለለ እንኳን አይሄድም፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

መፍትሄው መስመሩን እንዳለ ደጋግሞ መውደቅ አይደለም። ያችን አንዷን ቦታ ብቻ ቁረጧት፣ አራት እና፣ አንድ። ት ናንት። እጅ ወደላይ ት፣ ወደታች ናንት። ይሄን ብቻ ደጋግማችሁ፣ 20 ጊዜ 30 ጊዜ፣ በጣም በዝግታ፣ ግራ እጃችሁ ክሩን አፍኖ ይዞ ማለትም ኮርድ ሳይኖር ጫክ ጫክ በሚለው ድምፅ ብቻ። ሲለምድ ኮርዱን ጨምሩ። እግራችሁንም ተጠቀሙበት፣ እግር ቁጥሮቹ ላይ ብቻ መሬት ይምታ፣ ናንት ከእግር ጋር ስታርፍ በሰውነታችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይሄን አያስተውለውም። የግጥም ወረቀት ላይ ኮርዱ ሚፃፈው ከቃሉ በላይ ነው፣ ትናንት ከሚለው በላይ ጂ ተብሎ ይፃፋል። ጀማሪ ት ሲል ጂ ይይዛል። ግን ኮርዱ ሚቀየረው አንድ ላይ ነው፣ ማለትም ናንት ላይ። ግማሽ ምት ቀድሞ ስለቀየረ እጁ ይጣደፋል፣ ጣቱ በደንብ ሳይቀመጥ ይመታል፣ ባዝ ይመጣል፣ ከዛ ጊታሬ ባዝ አለው ይላል። ስለዚ ወረቀታችሁ ላይ ኮርዱን ከቃሉ ሳይሆን ከትክክለኛዋ ፊደል በላይ በእጃችሁ ፃፉት። ትንፋሽ ምትወስዱበትንም ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ከባድ ቅያሬ ሲመጣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል፣ ትንፋሽ ሲያዝ ትከሻ ይወጣል፣ ትከሻ ሲወጣ ክንድ ይደርቃል። ያው ወደ እጅ ተመለስን።

ዘፈኑ ለድምፃችሁ ዝቅ ካለ ደሞ ካፖ አለ፣ አንገቱ ላይ ታስሮ ክሮቹን በሙሉ የሚጫን መያዣ፣ እያንዳንዱ ፍሬት ግማሽ ቶን ከፍ ያደርጋል፣ 2ኛ ፍሬት ላይ ካደረጋችሁት ጂ ብላችሁ የያዛችሁት ኤ ሆኖ ነው ሚሰማው። በማይመቻችሁ ከፍታ እየጮኻችሁ እጃችሁ ይላላል ብላችሁ አትጠብቁ። ካፖውም ራሱ ልክ ከፍሬቱ ጀርባ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ጠመም ካለ አንዱ ጠርዝ ያለው ክር ባዝ ያደርጋል።

እሺ፣ ሳትዘፍኑም ባዝ ያለባችሁ፣ አሁን የናንተ ተራ ነው። መጀመሪያ ቅኝቱን በቱነር፣ በመቃኛ መሣሪያው፣ እዩ፣ ከመደበኛው ዝቅ ብሎ የተቃኘ ጊታር ክሩ ስለሚላላ ባዝ ያደርጋል። ከዛ ባዙ የት እንደሆነ ፈልጉ፣ ሁሉም ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ክሩን ሳትጫኑ ባዶውን ስትመቱት ብቻ ከሆነ፣ ስትጫኑ ከጠፋ፣ ችግሩ ናቱ ነው፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ክሮቹ ሚያልፉባት ነጭ ቁራጭ፣ ቦይዋ በጣም ጠልቋል ማለት ነው። 1ኛ ፍሬት ላይ ካፖ አድርጉ፣ ባዙ ከጠፋ አረጋገጣችሁ። ለጊዜው ቀጭን ወረቀት ቆርጣችሁ ከክሩ ስር ቦዩ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ቤኪንግ ሶዳና ሱፐር ግሉ አድርገው ሞልተው እንደገና በሞረድ ሚከፍቱትም አሉ፣ ይሠራል፣ ግን እኔ ናቱ ቢቀየር ነው ምመርጠው።

ባዙ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ድረስ ብዙ ክር ላይ ከሆነ አንገቱ ቀጥ ብሏል ወይም ወደኋላ ታጥፏል ማለት ነው። የጊታር አንገት ፍፁም ቀጥ ማለት የለበትም፣ በጣም ትንሽ ወደፊት መጎበጥ አለበት፣ ክሩ ሚወዛወዝበት ቦታ እንዲያገኝ። መለኪያ ከሌላችሁ እንዲህ እዩት፣ 1ኛ ፍሬት ላይ ካፖ አድርጉ፣ 6ኛውን ክር አንገቱ ከሰውነቱ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ፣ ብዙ ጊዜ 14ኛው ነው፣ ተጫኑ፣ 7ኛው አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሃል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው ሚፈለገው። ተራ የመፃፊያ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ገደማ ነው፣ ስለዚ ከአንድ እስከ ሦስት ወረቀት ሊያስገባ ይገባል። ምንም ክፍተት ከሌለ ትራስ ሮዱን፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ፣ ላላ ማድረግ ነው። ከሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ ይላላል፣ በሰዓት አቅጣጫ ይጠብቃል። አንዴ ስታዞሩት የአንድ ዙር ስምንተኛ፣ ቢበዛ ሩብ፣ ከዛ ቃኙት፣ አሳድሩት፣ እንደገና ለኩ። በፍፁም በጉልበት አታዙሩት፣ እምቢ ካለ ለባለሙያ ስጡ፣ የተሰበረ ዘንግ ማውጣት ከባድ ሥራ ነው። እና ልብ በሉ፣ ትራስ ሮድ የአንገቱን ጉብጠት ማስተካከያ እንጂ የክር ከፍታ መቆጣጠሪያ አይደለም፣ ይሄን ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ጊታር አበላሽቷል።

ባዙ ከ12ኛ ፍሬት በላይ ከሆነ ክሩ ዝቅ ብሏል፣ ሳድሉን፣ የጊታሩ ሆድ ላይ ክሮቹ ሚያርፉባትን ቁራጭ፣ ማየት ነው። ለብረት ክር አኩስቲክ 12ኛ ፍሬት ላይ 6ኛው ክር ከፍሬቱ 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ 1ኛው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለስትራሚንግ ጥሩ ነው። ሂሳቡን ያዙት፣ 12ኛው ፍሬት የክሩ ግማሽ ስለሆነ እዛ ጋ 0.5 ለመጨመር ሳድሉ ስር 1 ሚሊ ሜትር ማስገባት አለባችሁ። አንድ ኖት ላይ ብቻ ከሆነ ደሞ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ተነስቷል። የጠንካራ ካርድ ጠርዝ ሦስት ፍሬት ላይ አጋድማችሁ አስቀምጡ፣ እንደ ሚዛን ከተወዛወዘ መሃለኛው ከፍ ብሏል። እሱን ማስተካከል የባለሙያ ሥራ ነው።

አየሩም አለ፣ እንጨት በድርቀት ይኮማተራል፣ የጊታሩ ፊት ይሰምጣል፣ ክሩ ይወርዳል። እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ሲሆን ነው ጊታር ሚመቸው፣ ስለዚ ባለፈው ወር ንፁህ የነበረ ጊታር ዛሬ ባዝ ቢያደርግ አትደንግጡ።

ሌላ አንድ ባዝ ደሞ ክርም ፍሬትም ያልሆነ አለ፣ የላላ ነገር። የመቃኛ ቁልፍ ዳዶና ሮንዴላ፣ የጊታሩ ራስ ላይ ሳይቆረጥ የቀረ የክር ጫፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ጀርባውን ሲነካ፣ ውስጥ የተላቀቀ ደጋፊ እንጨት። ይሄንን በድምፃችሁ ነው ምትይዙት። ክሮቹን በሙሉ በመዳፋችሁ አፍኑ፣ ወደ ጊታሩ ቀዳዳ ጠጋ ብላችሁ ኦ እያላችሁ ከወፍራም ወደ ቀጭን ቀስ ብላችሁ ውጡ። የጊታሩ አካል ከናንተ ጋር ይንቀጠቀጣል፣ ወንድ ድምፅ ያላችሁ ዝቅ ስትሉ 100 ኸርዝ አካባቢ ሆዱ ሲያስተጋባ ይሰማችኋል። ክሩ ታፍኖ እያለ የሆነ ቦታ ላይ ዝዝ ካለ የላላ ነገር አለ፣ ያችን ድምፅ ይዛችሁ በሌላ እጃችሁ አንድ በአንድ እየነካችሁ ፈልጉት፣ ስትነኩት ዝም ያለው እሱ ነው።

ጥያቄ ነበር፣ እስቲ። ኤፍ ኮርድ ላይ ባዝ ስላለባት የጠየቀችው እህቴ፣ ክሮቹን በሙሉ የሚጫነውን ሌባ ጣትሽን በሆዱ አታስተኚው፣ ወደ አውራ ጣት በኩል ትንሽ ገልበጥ አድርጊውና በጎኑ በአጥንቱ ተጫኚ፣ ክርንሽን ወደ ጎንሽ ሰብሰብ አድርጊ፣ ጉልበቱ ከክንድ ክብደት ይመጣል። ዘፈን ውስጥ እስኪለምድልሽ ድረስ አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ይዘሽ ምቺ፣ ሁለቱን ወፍራሞች ተያቸው፣ ዘፈኑ አይጎድልም።

ወንድሜ ደሞ የናይለን ክር ጊታር ነው ያለኝ ብሏል። ያንተ ላይ ክሩ ከፍ ማለቱ ጤነኛ ነው፣ ናይለን ሰፋ ብሎ ስለሚወዛወዝ 12ኛ ፍሬት ላይ 6ኛው 4 ሚሊ ሜትር፣ 1ኛው 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢሆን አትጨነቅ። ብዙዎቹ ትራስ ሮድ የላቸውም፣ ስለዚ ምትነካው ሳድሉንና ናቱን ብቻ ነው። ባዙን ይቀንስልኛል ብለህ ግን የብረት ክር እንዳታስርበት፣ ናይለኑ በጠቅላላ 40 ኪሎ አካባቢ ነው ሚጎትተው፣ ብረቱ 70 ኪሎ ያልፋል፣ ብሪጁን፣ ሳድሉ ያለበትን እንጨት፣ ነቅሎ ያወጣዋል።